በበረዶ ወራት ለሚወለድ ልጅ፦ መጀመሪያ ማዘያው፣ ቀጥሎ ልብሱ

ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ግዢውን የሚጀምሩት ከልብስ ነው። ልብሱ ትንሽና የሚያምር ነው፤ ዋጋውም አያስደነግጥም፤ በቤቢ ሻወር ላይ የሚመጣው ስጦታም በአብዛኛው እሱው ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል እላለሁ። ለሕፃን ምን ያህል ልብስ እንደሚበቃው የሚወስነው የአየሩ ብርድ ብቻ ሳይሆን ልጁ ከቤት ሲወጣ ምን ላይ ሆኖ እንደሚጓዝም ነው፤ በመኪና ወንበር ላይ የታሰረ ልጅ፣ በእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ ልጅና በጋሪ የሚገፋ ልጅ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ዓይነት አለባበስ ይፈልጋሉ።

የምጽፈው በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ ከተማ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ እኛ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች በረዶ ያገኘነው ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን ነው ብለን እንቀልዳለን። በጥር ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይወርድና በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። እዚህ «ክረምት» ስንል ይህን ወቅት እንጂ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ እንዳልሆነ ለአገር ቤት አንባቢ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የአገር ቤቱ ክረምት ርጥብ ነው፣ የዚህኛው ግን ደረቅ፣ ፀሐያማና በአንድ ቀን ውስጥ ጠባዩን የሚለዋውጥ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከሚገዛ ይልቅ የሚደረብና የሚቀነስ ቀጫጭን ልብስ መያዝ ይበጃል።

አራስ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ሙቀት የሚያመነጨው በአንገቱ ዙሪያ፣ በትከሻዎቹ መካከልና በኩላሊቶቹ አካባቢ ያለውን ቡናማ ስብ በማቃጠል ነው፤ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ትልቅ በመሆኑም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ይህን ሁላችንም ባንማረውም እናውቀዋለን። እኛ አበሾች የምንዘነጋው ተቃራኒውን ነው፤ ከመጠን በላይ መሞቅም በእንቅልፍ ላይ በድንገት ለሚደርስ የጨቅላ ሕፃን ሞት ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ፣ አንድ ትልቅ ሰው በዚያው ቦታ ከሚለብሰው ላይ ከአንድ ድርብ በላይ እንዳይጨመርለት ይመክራል። እጁና እግሩ መቀዝቀዙ ብቻውን ብርድ ገብቶታል አያሰኝም፤ መዳሰስ ያለበት ማጅራቱ ወይም ደረቱ ነው፤ ማጅራቱ ካላበው ልብስ ይቀነስለታል።

የመኪና ወንበርና ወፍራም ካፖርት

በአሜሪካ ካር ሲት የምንለው የሕፃን የመኪና ወንበር አማራጭ አይደለም፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲወጡም ያስፈልጋል። ምርጫው ያለው ልጁ በወንበሩ ላይ ምን ለብሶ ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው፤ በዚህም ላይ ወፍራም ካፖርትና የበረዶ ቱታ ያለ ክርክር ተሸናፊዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ሙሌት አየር የያዘ በመሆኑ በግጭት ጊዜ ይጨፈለቃል፤ ጠብቆ የታሰረ የመሰለው ማሰሪያም በዚያች ቅጽበት ይላላል።

ይህን በቃል ከማመን ይልቅ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ልጁን ካፖርቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ማሰሪያውን ያጥብቁት። ከዚያ ማሰሪያውን ሳያላሉ ዘለበቱን ብቻ ፈትተው ልጁን ያንሡት፤ ካፖርቱን አውልቀው መልሰው ያስሩት። እኛ ቤት በሦስት ሳምንቱ ልጅ ላይ ስንሞክረው በማሰሪያውና በደረቱ መካከል የእጄ መዳፍ ያለችግር ገባ፤ በትክክል በታሰረ ማሰሪያ ላይ ግን በትከሻው በኩል ጨርቁን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሲሞክሩ የሚያዝ ትርፍ መኖር የለበትም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ለሚቀመጥ ሕፃን ማሰሪያው የሚወጣው ከትከሻው ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ ነው፤ የደረት ማያያዣውም በብብቱ ልክ ይሆናል።

በካፖርቱ ፈንታ ሁለት ነገሮች ይወዳደራሉ። አንደኛው ልጁን ቀጭን የውስጥ ልብስና ከላዩ ቀጭን የፍሊስ ቱታ አልብሶ ካሠሩት በኋላ ብርድ ልብስ ከማሰሪያው በላይ ማልበስ ነው። ሁለተኛው ለወንበሩ ተብሎ የሚሸጥ ሽፋን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሽፋን ስላለ ሲገዙ መለየት ይገባል። ከወንበሩ ጠርዝ ላይ እንደ ኮፍያ የሚጠልቀውና ከልጁ በታች ምንም ጨርቅ የሌለው ችግር የለበትም፤ ከልጁ ጀርባ ሥር የሚነጠፍ ክፍል ያለው ከረጢት መሰል ሽፋን ግን ከወንበሩ ጋር ተፈትኖ ካልተሸጠ በስተቀር የካፖርቱን ችግር ይደግመዋል። እኔ የመረጥሁት ብርድ ልብሱን ነው፤ መኪናው ሲሞቅ በአንድ እጅ ገፈፍ ይደረጋል፣ ልጁም አይነቃም። ሌላው ዘዴ ወጪ የለውም፤ ከመቀመጫው ተነቅሎ የሚወጣውን ወንበር ማታ ጋራዥ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ከመተው ይልቅ ቤት ማሳደር ነው። ሌሊቱን በረዶ ውስጥ ያደረ ፕላስቲክና ዘለበት ለማሞቅ የሚፈጀው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ወንበሩ እጀታ ስላለው ብዙ ሰው እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎት ይሄዳል። ለአጭር መንገድ ይሁን፤ ግን ባዶው ወንበር ብቻውን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር እንዳታነሣ ነው የሚነገራት። በረዶ በጋገረው የመኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ጎን አጋድሎ መራመድም ለመንሸራተት ይዳርጋል። ቤት ሲገቡም ልጁን ከወንበሩ ማውጣት ግድ ነው፤ ወንበሩ ለጉዞ እንጂ ለመኝታ አልተሠራም።

ማዘያ፦ ከአንቀልባ እስከ ባለ ዘለበቱ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ምክንያቱም ነገሩ የኛው ነው። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ በዛጎል ያጌጠ፣ ጠፍሩ በደረት ላይ ተጣብቆ የሚታሰር ማዘያ ነው። በከተማ ቦታውን ለጨርቅ ማዘያ ከለቀቀ ቆይቷል። ዛሬ በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው ማዘያም ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰላም ጓድ ነርስነት ቶጎ ያገለገለችው አን ሙር የቶጎ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያዝሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ ከእናቷ ጋር ሆና ስናግሊ የተባለውን ማዘያ ሠራች፤ የፈጠራ መብቱም በ1969 ተመዘገበ። ኑሮዋን ያደረገችው እዚሁ ኮሎራዶ ነበር። ስለዚህ አማቾች «የፈረንጅ ማዘያ» ሲሉ ሰምቶ ዝም ማለት አይገባም።

እንዲህም ሆኖ ከአገር ቤት የመጣውን አንቀልባ ወይም ማዘያ ለአራስ ልጅ፣ በበረዶ ወር እንዲጠቀሙበት አልመክርም። ችግሩ ማዘያው ላይ አይደለም፤ ጊዜው ላይ ነው። እናቶቻችንም ልጅን ጀርባ ላይ የሚያዝሉት አንገቱ ከጠና በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾችም በጀርባ ማዘልን የሚፈቅዱት ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ነው። በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ሰኔ ይሆናል። ከዚህ ሌላ በአገር ቤቱ ማዘያ ልጁ ከካፖርቱ ውጭ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ እናቲቱ ጋቢዋን ወይም ነጠላዋን ለሁለቱም ደርባ ትለብሳለች፣ እዚህ ግን ወፍራምና የሚያንሸራትት ካፖርት በመካከላቸው ሲገባ ማዘያው አይጠብቅም፣ ልጁም የእናቱን ሙቀት አያገኝም። የጋቢው ሐሳብ ግን እንከን የለውም፤ ልብስ በሁለቱ መካከል አይገባም፣ ከሁለቱም በላይ ይደረባል። ለበረዶ ወር የሚሆን ማንኛውንም ማዘያ የምመዝነው በዚህ ነው።

በደረት የሚያዝባቸው ሦስት ዓይነት ማዘያዎች አሉ። የመጀመሪያው አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የሚለጠጥና በወገብና በትከሻ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ልጁን እንደ ቆዳ ያጣብቀዋል፣ ዘለበት የለው፣ የሚቆረቁር ነገር የለው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ውጭ ሲያስሩት ጫፉ መሬት ይነካል፤ የሱፐርማርኬት በር ላይ በጨውና በቀለጠ በረዶ የተነከረ ጨርቅ ወገብ ላይ መጠምጠም ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ከቀመሱት አይደግሙትም፤ ስለዚህ ከቤት ታስሮ መወጣት አለበት። ደግሞም ልጁ ከበድ ሲል ይረግባል። ሦስት እጥፍ ሆኖ በልጁ ላይ ስለሚያልፍ ራሱ እንደ ልብስ ይቆጠራል፤ ከሥሩ ቀጭን ወጥ ልብስ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው በአንድ ትከሻ ላይ የሚውል ባለ ቀለበት ማዘያ ነው። ለማጥለቅና ለማውለቅ ከሁሉም የፈጠነ ነው፤ ቀለበቱና የተጠቀለለው ጨርቅ ግን በካፖርት ሥር ጉብ ይላል፣ ክብደቱም በአንድ ወገን ነው። ልጁን አጋድሞ ለመያዝም የሚያመቸው እሱ በመሆኑ በአራስ ልጅ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው ማስጠንቀቂያ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከእንዲህ ያሉ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞቶችን ጠቅሶ፣ 12ቱ ከአራት ወር በታች የሆኑ እንደነበሩ ገልጿል። ምክንያቱ መታፈን ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሲደፋ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል፣ ወይም አፍንጫው በጨርቅና በእናቱ ገላ ይደፈናል። ክረምትን ያለ ሥጋት ለማለፍ ይህን ዓይነቱን ለበጋ ማቆየት ይሻላል እላለሁ።

ሦስተኛው በዘለበት የሚታሰር፣ የወገብ ቀበቶ ያለው ማዘያ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥሩው ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ግን አባትና እናት እየተቀባበሉ ይጠቀሙበታል፣ ክብደቱን ወደ ዳሌ ያወርደዋል፣ ልጁ እስኪሮጥም ያገለግላል። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከ3.2 ኪሎ ነው፤ ቀድሞ ለተወለደ ወይም ክብደቱ ላነሰ ልጅ አይሆኑም። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ለአራስ ልጅ ወፍራም ማስገቢያ ትራስ ይፈልጋሉ፤ ያ ትራስ ሌላ የሙቀት ድርብ ነውና ያለ እሱ ከልጁ ጋር የሚጠበቡና የሚሰፉትን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ጓንት አጥልቀው ዘለበቱን ከጀርባዎ መዝጋት መቻልዎን ይሞክሩ፤ ሻጩ ቢገረምም ግድ የለም።

ማንኛውንም ቢመርጡ ልጁ ጠብቆ ይቀመጥ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ፣ ዝቅ ሲሉ ግንባሩን መሳም ይቻል፣ አገጩ ከደረቱ ይራቅ፣ ጀርባውም ይደገፍ። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ሲከፈቱ ለዳሌው አጥንት እድገት ይበጀዋል። ከላይ የሚደረበውን በተመለከተ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ከፊቱ ሰፋ ያለ ካፖርት አለ፤ አሁን ባለው ካፖርት ዚፕ ላይ የሚጨመር ማስፊያም አለ። እኛ ሁለቱንም ሳንገዛ የባለቤቴን ትልቁን ጃኬት ተጠቅመን ወራቱን አሳልፈናል። ዚፑ ከልጁ አገጭ በታች መቆም አለበት፤ ፊቱን የሚሸፍን ነገር፣ ሻርፕም ይሁን ነጠላ፣ አይፈቀድም።

ጋሪ በበረዶ ወር ከማዘያ ያንሳል። ትናንሾቹ የፕላስቲክ ጎማዎች ቀልጦ በጠገገ በረዶ ውስጥ ይቀረቀራሉ፤ ልጁም የማንንም ሙቀት አይጋራም። የበረዶ ቱታ በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው። መግዛት ካለብዎ በአየር የሚነፋ ትልቅ ጎማ ያለውን ይምረጡ፤ ነፋስ ለመከላከል ብለውም ጋሪውን ሙሉ በሙሉ በብርድ ልብስ አይሸፍኑት።

አሁን ልብሱ

መጓጓዣው ከተወሰነ የልብሱ ምርጫ ይቀላል። ከገላ ጋር ለሚነካው ጥጥ ወይም ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ ይወዳደራሉ። ጥጥ ርካሽ ነው፣ እንደፈለጉ ይታጠባል፤ ሲረጥብ ግን ሙቀት አይይዝም፣ አራስ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ወገኑ ርጥብ ነው። ሜሪኖ ርጥበት ቢያገኘውም ይሞቃል፣ ዋጋውና አጠባበቁ ግን ለብዙ ቤት አይመችም። ስድስት የጥጥ ወጥ ልብስና አንድ ሁለት ሜሪኖ ለመውጫ ቢኖር ይበቃል።

የሌሊት ዳይፐር ለሚቀይር ሰው ዚፕ ከቁልፍ ይበልጣል፤ በተለይም ከታች ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ደረቱን ሳይገልጥ ዳይፐሩን ያስቀይራል። እትብቱ እስኪወድቅ ባሉት አንድ እስከ ሦስት ሳምንታት ግን ከጎን የሚታሰር ሸሚዝ ጥሩ ነው። እግር የሌለው፣ እንደ ከረጢት ከታች የተዘጋ ቀሚስ ቤት ውስጥ ደስ ይላል፤ ለመኪና ወንበርም ለማዘያም ግን አይሆንም፣ ማሰሪያው በእግሮቹ መካከል ማለፍ አለበትና። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይህ ነው፦ እግሩ የተዘጋ ወጥ ልብስ ለብሶ ማዘያ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ስለሚታጠፍ ጨርቁ ይሳብና ጣቶቹን ያጥፈዋል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ማልበስ ወይም እግሩ ክፍት የሆነ ሱሪ ከረጅም ካልሲ ጋር መምረጥ ይሻላል፤ በማዘያ ከሰውነትዎ ውጭ የሚቀረው እግሩ ነውና ሙቀቱን እዚያ ላይ ያክሉ።

ኮፍያ ለውጭ ያስፈልጋል፤ ክር የሌለውና ዓይኑ ላይ የማይወርድ ይሁን። ቤት ውስጥ፣ በተለይ ሲተኛ፣ ይወልቅ። በዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ያልተነጋገርንበት ቀን አልነበረም። «ልጄ፣ ጆሮውን ነፋስ ይመታዋል» ትለኝና እኔ ዞር ስል ኮፍያው ተመልሶ ልጁ ራስ ላይ ይገኛል። በመጨረሻ የተስማማነው ማጅራቱን ራሷ እየዳሰሰች እንድትወስን ነው፤ ላብ ያገኘች ቀን ኮፍያውን ያወለቀችው እሷው ናት።

ለመኝታ ልቅ ብርድ ልብስ ከጨዋታ ውጭ ነው። የሚለበሰው የመኝታ ከረጢት የሙቀት መጠኑ ቶግ በሚባል መለኪያ ይጻፍበታል፤ ክፍሉ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ከሆነ 1 ቶግ፣ ከ16 እስከ 20 ከሆነ 2.5 ቶግ ያህል ይመረጣል። በማሞቂያ በሚኖር የአሜሪካ ቤት ብዙውን ጊዜ 1 ቶግ ይበቃል። ክብደት የተጨመረባቸውን ከረጢቶች አካዳሚው አይመክርም። መጠቅለል የሚመርጡ ከዳሌው በታች አላልተው ይጠቅልሉ፤ ለመገልበጥ ሲሞክርም ያቁሙ።

ክርስትና ለሚያስነሡ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። በታኅሣሥ አጋማሽ የተወለደ ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ በጥር መጨረሻ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀኗ በመጋቢት መጀመሪያ ይሞላል። ልጁ ልብሱ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ይጠመቃልና የጥምቀት ልብሱ ጥልፍ ከመምረጥዎ በፊት ርጥብ ገላ ላይ በግማሽ ደቂቃ መልበስ መቻሉን ያረጋግጡ። ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ ባለ ዚፕ ወጥ ልብስና ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መኪናው የሚያደርስ ማዘያ ይያዙ፤ ነጩ ልብስ ከላይ ይደረባል።

ስለ ልክ፦ አራስ ተብሎ የተጻፈበት ልብስ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እስከ 3.6 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ልጅ በዚያ ክብደት ነው የሚወለደው። ከሦስት ወይም ከአራት በላይ አይግዙ። የውጭ ልብሱን ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር በሚለው ቁጥር ይግዙት፤ በዴንቨር መጋቢትና ሚያዝያ ላይም ከባድ በረዶ ይጥላል። የመኪናው ወንበር ከመውለጃው ቀን አንድ ወር ቀድሞ ተገጥሞ ይጠብቅ። ያገለገለ ልብስ ያለ ሥጋት ይቀበሉ፤ ያገለገለ የመኪና ወንበር ግን ታሪኩን ካወቁና በጀርባው የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ካላለፈ በስተቀር አይቀበሉ። ማዘያውን ከወሊድ በኋላ፣ ልጁን ይዘው ሄደው ቢለኩት ይመረጣል። ጫማ አይግዙ፤ ስጦታ ሆኖ መምጣቱ አይቀርም፣ ከሁለቱም አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት መኪና ማቆሚያ ላይ ይጠፋል።